ማኅተም የሌለበት ትከሻ

ከድሬዳዋ የወጣሁባት ሌሊት እንደ ማንኛዋም የግንቦት ሌሊት ሞቃት ነበረች፤ አልጋዎቻችንም ግቢ ውስጥ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተዘርግተው ነበር። አውቶቡሱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ስለሚነሣ እንቅልፍ አይታሰብም፤ እናቴ ግን «ለጎንሽ ያህል ጋደም በይ» ብላ አዘዘችኝ፤ እኔም በአርባ አራት ዓመቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሳዝ የኖርኩት ሴት፣ ታዝዤ ጋደም አልኩ። እሷ አልተኛችም። ፓፓያውን በጋዜጣ ስትጠቀልል፣ ያን ስስ ቂጣችንን፣ ፈጢራውን፣ በሳህን ላይ ሳህን ስትከድን፣ የዘጋሁትን ሻንጣ ከፍታ መልሳ ስትዘጋ ሰማኋት።

ልንወጣ ስንል ቦርሳዬን ለማንሣት ሳሎን ገባሁ። አባቴ ግድግዳው ላይ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር የተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሥራ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው ነው። በሞተ ጊዜ እህቴ ሂሩት ያችን ጉርድ ፎቶ ከመታወቂያው ነቅላ ፎቶ ቤት ወሰደችና በትልቁ አሠራቻት፤ ፊቱ ሲያድግ ግን የመሥሪያ ቤቱ ማኅተምም አብሮ አደገ። ከቀኝ ትከሻው ተነሥቶ እስከ ጆሮው የሚደርስ ግማሽ ክብ፣ ሐምራዊ ማኅተም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ያንን ፎቶ በየተራ ተቀባብለው ከፍ ሲያደርጉት፣ ከአሰበ ተፈሪ የመጣች አክስቴ ደረቷን መምታቱን ገታ አድርጋ «ሞቶም እንኳ ትከሻው ላይ እንደተጫኑት ነው?» አለች። ከእንባዬ መሐል ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ጋቢ አፌ ላይ ጣልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ለፎቶ ተቀምጣ አታውቅም። ሠርግ ላይ ካሜራ ሲዞር ወደ ማድ ቤት ትገባለች። ያን ሌሊትም ፎቶውን ስመለከት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ» አለችኝ። «ለእኔ አታስቢ። ፎቶ ለለቅሶ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና አልሄድኩም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም።»

«አንቺ ዝም ስትይ ነው የሚሰማው።»

እንግዲህ የወጣሁት እንዲህ ነው። የወጣሁበትን ምክንያት የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ መገናኛ አጠገብ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህርነት ስለሰጠኝ ነው እላለሁ፤ ከትዳሬ መፍረስ ጋር የሚያያዘውን ቀሪውን ክፍል ለራሴ ላስቀረው። ነገር ግን አውቶቡሱ ደንገጎን ሲወጣ፣ የከተማችን መብራት ከኋላዬ እንደ ተበተነ ስኳር ሲሆን፣ በልቤ አንድ ነገር ቈርጬ ነበር፦ እናቴ በመታወቂያ ፎቶ አትለቀስም። በእኔ ዕድሜና በእኔ እጅ ባለ ካሜራ፣ ፊቷ እንደ ፊቷ ሆኖ ይቀመጣል። ካሜራ ነክቼ አላውቅም ነበር። ብር ናይትሬት ብርሃን ሲነካው እንዴት እንደሚጠቁር ግን ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ።

ስደት ሲባል ባሕርና በረሃ ብቻ የሚታያችሁ ታዝኑብኝ ይሆናል፤ ፓስፖርት ሳልይዝ፣ ቋንቋ ሳልቀይር ነው የተሰደድኩት። ይሁን እንጂ ከድሬዳዋ መጥቶ የካ ሚካኤል ዳገት ላይ ያደረ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ቁሉቢ ላይ የደረብኳትን ሹራብ አዋሽ ስደርስ አወለቅሁ፤ አዲስ አበባ ስገባ መልሼ ለበስኳት፤ እስከ ዛሬም አላወለቅኋት። እኛ ዘንድ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ «አቦ፣ ቁርስ በላችሁ?» ይላል፤ እዚህ ቆርቆሮው በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይባላል፤ «እኔ ነኝ» ብትሉ አይበቃም፤ «አንተ ማነህ?» ይከተላል። ጠዋት ፈጢራ ስጠይቅ የሻይ ቤቷ ልጅ «መድኃኒት ነው?» አለችኝ። መገናኛ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ ነበር፤ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ «ባቡር ሊመጣ ነው» አሉኝ። ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱ ከዛገበት ከተማ የወጣሁት እኔ፣ ጭቃው ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

አከራዬ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እንጦጦ ላይ ተወልደው ቁልቁል ወርደው የካ የሰፈሩ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይይዛሉ፤ ብርድ ፈርተው ይመስለኝ ነበር። ክፍሉን ሊያሳዩኝ ሲገቡ የጠየቁኝን ሁሉ አስታውሳለሁ።

«ከድሬዳዋ ነኝ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ጫት ትቅሚያለሽ?»

«ኧረ አልቅምም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ኬሚስትሪ አስተምር ነበር።»

እትዬ ዘነበች ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ቀጥሎም እኔን ተመለከቱ። «እሳት እንዳታስነሺብኝ። ሌላው፣ ኪራዩ ከመስከረም ጀምሮ ይጨምራል።»

«ገና ግንቦት ነው እኮ፤ አልገባሁም እንኳ።»

«ለዚህ ነው አስቀድሜ የነገርኩሽ። እኔ ሰው አላታልልም።»

ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር፣ ውኃ ስቀዳም ልብስ ሳሰጣም፣ ኪራዩ ከመስከረም እንደሚጨምር ሳያነሡ አልፈው አያውቁም፤ እንደ ሰላምታ ቆጠርኩት።

የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከድሬዳዋ ያመጣሁትን መሸኛና ፎቶዬን ይዤ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የሄድኩት በሰኔ ነው። ሠራተኛው ፎቶዬን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና መለሰልኝ።

«አይሆንም።»

«ምን ጎደለው?»

«ጆሮ።»

«ጆሮ አለኝ።»

«እዚህ ላይ የለም።»

«ይኸው» አልኩና ፀጉሬን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት።

«እሱን ፋይል ውስጥ ማያያዝ አልችልም» አለኝ፤ ፈገግም አላለም።

ይህን ለእትዬ ዘነበች ስነግራቸው እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ቤታቸው ገቡና መታወቂያቸውን ይዘው ወጡ።

«አንቺንስ ጆሮ ነው የጠየቁሽ» አሉ። «እኔን ነጠላዬን አስወልቀው አንገቴን ነው ያስገለጡኝ።»

ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ዓይኗን አፍጥጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ተያዘች ሌባ ተቀምጣለች፤ ከአገጯ በታችም ጡጫ የሚያህል እንቅርት አለ። ያን ጊዜ ነው ነጠላው የገባኝ።

«መስከረም ላይ ቀደን እናወጣዋለን ብለውኛል፤ በማደንዘዣ» አሉኝ። «ከነቃሁ ነቃሁ። ካልነቃሁ ልጆቼ ፎቶ ሲፈልጉ ይህችን ነው የሚያገኙት። በትልቁ ያሠሯታል። መንደርተኛው እንቅርቴን ከፍ አድርጎ ተሸክሞ ‹ወይኔ ዘነበች!› ሲል ይታይሻል? ሞቴን አልፈራም፤ ይህችን ፈራሁ።»

«ፎቶ ቤት ለምን አይሄዱም?»

«ሄድኩ። ‹ቀና ይበሉ፣ አይንቀሳቀሱ› አለኝ። ቀና ብዬማ ያው መታወቂያ ነው።»

«እኔ አነሣዎታለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ጠንቃቃ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ነገር ግን አባቴ ግድግዳው ላይ ታየኝ።

«ካሜራ አለሽ?»

«ይኖረኛል።»

«ከመስከረም በፊት ይሁን» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪራዩን ሳያነሡ።

ካሜራ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ ከባዶ የምትጀምሩ፣ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። ሌንሱ የሚፈታውን፣ ዲ ኤስ ኤል አር የሚሉትን ዓይነት አዲሱን ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም ነበር፤ ያገለገለ ግን ሊደረስበት ይችላል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ለሳምንታት ከሥራ መልስ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ያገለገለ ካሜራ እንዴት እንደሚመረመር አጠናሁ። ከዚያ መገናኛ፣ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሳሚ የሚባል ወጣት ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ሳሚ «ማዘር» እያለ «አንቺ» ይለኛል፤ አክብሮቱንም ድፍረቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሳል።

«ግቢ፣ ግቢ ማዘር! ሞባይል ነው? ቻርጀር?»

«ካሜራ። ያገለገለ፣ ሌንሱ የሚፈታ።»

«ለልጅሽ?»

«ለራሴ።»

«ለአንቺማ ይቺ ትበቃሻለች» ብሎ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ነገር አወጣ። «ኪስ ትገባለች፣ ሁሉን ራሷ ትሠራለች።»

«ሁሉን ራሷ ከሠራች እኔ ምን ልሠራ ነው?»

በመጨረሻ አንድ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ አወጣልኝ። ሌንሱን ፈትቼ ወደ መስኮቱ አነሣሁና በውስጡ አሳልፌ አየሁ። ከመስተዋቶቹ መሐል እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ተሰራጭቷል።

«ይህ ሻጋታ ነው» አልኩት።

«ዲዛይኑ ነው ማዘር።»

«ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት አገር ከርሟል።»

ሁለተኛውን ካሜራ ተቀበልኩና ነጩን ግድግዳ አነሣሁበት፤ ምስሉን ሳጎላው ጥቁር ነጠብጣቦች ታዩ። ሳሚ አጎንብሶ አይቶ «ዝንብ ይሆናል» አለ። ግድግዳው ላይ ዝንብ አልነበረም። ሦስተኛው ደህና ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት በእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈተው መዝጊያ፣ ዕድሜ አለው። ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ካሜራው በምስሉ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። «አንድ ፎቶ ላንሣበትና ፋይሉን በፍላሽ ስጠኝ፤ ኮምፒዩተር ላይ አይቼ እመለሳለሁ» አልኩት።

ሳሚ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «ማዘር፣ ካሜራ ነው የምትገዢው ወይስ ልጅ ልትድሪ? እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሽው እኮ!»

«በእኛ ቤት ሳይጠየቅ አይዳርም።»

ተጠየቀ፤ አልተዳረም። መዝጊያው ሠርግ በሠርግ ሆኖ ዕድሜውን ጨርሷል። በየሳምንቱ ተመላለስኩ። ሳሚ ከሩቅ ሲያየኝ ለጎረቤቱ «መርማሪዋ መጣች» ሲል እሰማዋለሁ፤ የምቀመጥበትን በርጩማ ግን አስቀድሞ ያወጣልኛል። ሐምሌ ሲጋመስ ከመደርደሪያው ሥር አንድ አሮጌ ካሜራ አወጣ። ማዕዘኖቹ ቀለማቸው ተፍቆ ነጥተዋል፤ መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተልጦ በማስቲሽ ተለጥፏል፤ ሌንሱም ዙም የሌለው፣ አንድ ርቀት ብቻ የሚያይ ነው።

«ይሄ አያምርም» አለኝ። «ላሳይሽ ብዬ አይደለም፤ እቃ ሳነሣ ነው የወጣው።»

ሌንሱን ወደ መስኮቱ አነሣሁ፤ እንደ ምንጭ ውኃ ንጹሕ ነው። ግድግዳውን አነሣሁ፤ ግድግዳ ብቻ ወጣ። ፋይሉን አስመረመርኩ፤ መዝጊያው ገና ወጣት ነው።

«ይህን እወስዳለሁ።»

«አረጀ እኮ!»

«ቆዳው ነው ያረጀው። ዋስትናው ምንድን ነው?»

«ቃሌ ነዋ!»

«ቃልህ ስንት ወር ያገለግላል?»

ሳቀ፤ ከዋጋው ላይም ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ፤ «የመርማሪ ቅናሽ» አለው።

አሁን እንግዲህ የእኔ ስሕተት ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከድሬዳዋ ሰው በስተቀር ማንም አይሠራም። ካሜራውን ይዤ ስገባ እትዬ ዘነበች ፍልሰታ ሊገባ መሆኑን ነገሩኝ። «በጾም ፊት ይጠወልጋል፤ ከፈሰክሁ በኋላ፣ ቅቤ ቀብቼው ሲወዛ ታነሺኛለሽ» አሉ። ትክክል ናቸው ብዬ ተስማማሁ። እስከዚያው ካሜራዬን ማስቀመጥ ነበረብኝ። እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኛ ቤት ዕቃ ሁሉ ይሸፈናል። ራዲዮኑ ጥልፍ ይለብሳል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ይወርዳል፣ የክት ብርጭቆ በፌስታል ይታሠራል፤ ምክንያቱም ጠላታችን አቧራ ነው፤ ደረቁ ወንዛችን ደቻቱ አሸዋውን ሲያነሣው በተዘጋ መስኮት ያልፋል። እኔም እናቴ ፓፓያ በምትጠቀልልበት ጥንቃቄ፣ ካሜራውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ፣ ትንፋሽ እንዳያገኝ አፉን አሥሬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ ካርቶኑንም አልጋ ሥር አስገባሁት። ውጭ ሌት ተቀን ይዘንብ ነበር። የክፍሌ ግድግዳ ያልበው ነበር።

ጾሙ ሲፈታ ፈታሁት። ሌንሱ ዓይኑ በሞራ እንደ ተሸፈነ ሽማግሌ ተመለከተኝ። በውስጥ በኩል፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ በጭጋግ ተሞልቷል። መስኮቱን አነሣሁበት፤ ወተት ወጣ። የሐኪሙ ቀጠሮ ከእንቍጣጣሽ ማግሥት ነበር።

በዝናብ ሳሚ ዘንድ ሮጥኩ። አየውና «ማን ነው የጠቀለለው?» አለ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ከአቧራ ልጠብቀው ብዬ።»

ሳሚ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ የተቆፈረው መንገድ ሐይቅ ሆኖ ታክሲዎች እንደ ዳክዬ ይዋኙበታል። «ማዘር» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «መገናኛ ላይ፣ በነሐሴ፣ አቧራ አየሽ?»

«የሚፈታው ሰው አለ?»

«የሚፈታው አለ፤ የሚገጥመው እንጃ። እሱም አገር ቤት ሄዷል፤ ከመስቀል በኋላ ነው የሚመለሰው።»

ከመስቀል በኋላ ማለት እትዬ ዘነበች ከማደንዘዣው በኋላ ማለት ነው። ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ፤ ግን ታች ጫማ ቤት ነበረና ሻጩ አዲስ ጫማ ከካርቶን ሲያወጣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ከረጢት ወደ መሬት ጣለ። ቆምኩ። ይህን ነገር ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ከረጢቷ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ሲሊካ ጄል ይባላሉ፤ ሥራቸው እርጥበት መጠጣት ነው።

«ያንን ትሰጠኛለህ?»

«የቱን? ጫማውን?»

«ከረጢቷን።»

«ይሄ እኮ አይበላም» አለኝ በጣም ደንግጦ።

ያን ዕለት መገናኛ ያለ ጫማ ቤት ሁሉ አየኝ። የኮሌጅ መምህርት፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ከበር በር «ከካርቶን የወደቀች ከረጢት አለቻችሁ?» እያልኩ ለመንኩ። አንዷ ሻጭ «ነይ እናቴ፣ ጸበል ብትሞክሪስ?» አለችኝ በርኅራኄ። ቦርሳዬን ሞልቼ ተመለስኩ። ፍሬዎቹ የመጋዘን እርጥበት ጠጥተው ነበርና መጀመሪያ መድረቅ አለባቸው። ከረጢቶቹን ቀድጄ በመጥበሻ ላይ፣ በለስላሳ እሳት ማመስ ጀመርኩ። እትዬ ዘነበች ሽታ ፍለጋ ብቅ አሉ።

«ምን ታምሻለሽ?»

«አሸዋ መሰል ነገር ነው።»

«እሱማ ይታየኛል። ይበላል?»

«አይበላም። የእርስዎን ፎቶ ነው የማበስለው።»

እንደ እብድ አዩኝ፤ ዞር ሲሉ ግን «እሳቱን ቀንሺው፣ እንዳያርብሽ» አሉ።

የታመሰውን በጨርቅ ቋጠርኩ፤ ሌንሱን ከቋጠሮው ጋር ክዳኑ በሚገጥም የወተት ጣሳ ውስጥ ዘጋሁት። ጠዋት ከፈትኩ፤ ጭጋግ። ፍሬውን አውጥቼ እንደገና አመስኩ፣ እንደገና ዘጋሁ። እንዲህ እያልኩ ነሐሴ አለቀ። እናቴ በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። ጳጉሜን ልታልቅ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጣሳውን ከፍቼ ሌንሱን ወደ መስኮቱ ባነሣው፣ ከማዶ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለይቶ ታየኝ። ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጭጋግ ቀርታለች፤ እስከ ዛሬም አለች።

«ነገ እንነሣ» አልኳቸው እትዬ ዘነበችን። «የት ይሻላል?»

«እንጦጦ» አሉ ሳያመነቱ። «ራጉኤል ደጅ። ክርስትና የተነሣሁበት ነው። ከተማው ከእግሬ በታች ይሁን።»

በኮንትራት ላዳ ወጣን። ላዳዋ ዳገቱ ላይ ሦስቴ ቆመች፤ ሾፌሩ በወረደ ቁጥር እትዬ ዘነበች «ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ እንጂ፣ እኔ ቀጠሮዬ ከነገ ወዲያ ነው፣ ዛሬ አይደለም!» ይሉታል። ራጉኤል ደጅ ስንደርስ ተራራው ጉም ለብሷል። ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እሳቸው ከነጠላቸው ሥር ቆሎ ያቀብሉኛል። ጉሙ ሲገለጥ ተነሥተው ቆሙ። አዲሱን ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ በጥንቃቄ ጠመጠሙ። ፊታቸው ወዝቷል፤ ያምራሉ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሣ ግን ያቺ የመታወቂያዋ ሴት መጣች፦ ዓይን ፈጠጠ፣ አገጭ ቀና አለ፣ እጅ ጎን ላይ ተጣበቀ።

«ጆሮዬ ይታያል?» አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እትዬ ዘነበች፣ ጆሮ አያስፈልግም። እንደ ወትሮዎ ይሁኑ።»

«እንደ ወትሮዬ ነኝ!»

አነሣሁ፤ መታወቂያ። አሁንም አነሣሁ፤ መታወቂያ። ጉሙ ከሸለቆው እንደገና ይወጣ ጀመር። ያን ሁሉ ሳምንት አሸዋ አምሼ ያገኘሁት የጠራ ሌንስ፣ የሚያየው ያችኑ የምንሸሻትን ሴት ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ በእኔና በእሳቸው መሐል ቆሞ ነበር። ዓይኔን ከካሜራው ሳልነቅል አንድ ነገር ታወሰኝ።

«እትዬ ዘነበች» አልኩ ረጋ ብዬ፣ «ኪራዩን ከመስከረም ጀምሮ ይቀንሱልኛል አይደል?»

«ምን?!»

አገጩ ወረደ፤ እጁ ከጎን ተላቅቆ ወደ እኔ ተሰነዘረ፤ ነጠላው ከትከሻ ተንሸራተተ፤ ዓይናቸው በቁጣና በሚመጣ ሳቅ መሐል በራ። «ይቀንሱልኛል ትላለች! ጣሪያዬን በጭስሽ አጥቁረሽ! አንቺ የድሬዳዋ ሌባ!» ሲሉ መዝጊያው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሾፌሩም ሳቀ፤ ጉሙም ሸፈነን።

ላዳው ውስጥ ምስሉን ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ያየሁት ነጠላውን ነበር፤ በተንሸራተተበት በኩል አንገታቸው ተገልጦ፣ እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ነገ እንመለስና እንደገና…»

«ተዪው» አሉ። «ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ከነገ ወዲያ ሊጥሉት ነው። ይሰናበት።» ቀጥለውም ጣታቸውን መስኮቷ ላይ አሳርፈው «ይህቺን አውቃታለሁ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ነቁ። ከሆስፒታል በፋሻ ተጠምጥመው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት ፎቶውን ነው፤ በትልቁ አሠርቼ ሳሎናቸው ሰቅዬው ነበር። «ይህን የመሰለ ፎቶ ይዤ ሳይለቀስልኝ መቅረቱ ያሳዝናል» አሉ። ኪራዩንም በመስከረም ጨመሩ።

አንድ ግልባጭ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ለእህቴ ላክሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ደወልኩ። ሂሩት አነሣችና ሳትጠይቀኝ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት። ከጀርባዋ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል፤ ሹራቤን ወደ አንገቴ ሳብኩ።

«አከራይሽን አየኋት» አለች እናቴ። «ትቆጣለች።»

«ኪራይ ይቀንሱልኝ ብያቸው ነው።»

«አንገቷን አልሸፈነችም።»

«አልፈለጉም፣ እማዬ።»

ማራገቢያው ሲዞር ሰማሁ። «ትከሻዋ ንጹሕ ነው» አለች። «ምንም ነገር የለበትም።»

ኮሌጁ ለዕረፍት የሚዘጋው በጥር መጋመሻ ነው፤ እናቴ ይህን ታውቃለች፤ እሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም የምመጣበትን ቀን ልቆርጥላት አልደፈርኩም። በእሷ ዕድሜ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ረጅም መንገድ ነው።

«ያ ካሜራሽ» አለች፣ «ሙቀት ይችላል?»

«ይችላል።»

«የእኛን ሙቀት ማለቴ ነው።»

«ይችላል፣ እማዬ።»

«አቧራችንስ?»

«እጠቀልለዋለሁ» አልኳት።

«ደህና አድርገሽ ጠቅልዪው» አለችና ስልኩን ለሂሩት መለሰች።